«አልጋ አለ»፦ የፈረሱት የመርካቶ ሆቴሎች

ወደ ጎንደር፣ ወደ ጅማ ወይም ወደ ነቀምቴ የሚሄደው አውቶቡስ ከመርካቶው አውቶቡስ ተራ የሚነሳው ጎህ ሲቀድ ነበር። ተሳፋሪው ግን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ሻንጣውን አንጠልጥሎ የመናኸሪያውን በር መጠበቅ ነበረበት። ታክሲ በሌለበት፣ ጅብም ሌባም በሚፈራበት ሰዓት ከከተማዋ ዳር ተነስቶ እዚያ መድረስ የሚታሰብ አልነበረም። በርበሬውን ወይም ቅቤውን ሸጦ ወደ አገሩ የሚመለሰው ነጋዴማ የሚያስጠጋው ዘመድም አልነበረው። የመርካቶ ሆቴሎች የኖሩት በዚህ ሰው ነው፤ ዛሬ አብዛኞቹ ፈርሰዋል።

ሆቴል ስንል ግን ፎቅና ምንጣፍ ያለው እንዳይመስል። የመርካቶ ሆቴል ከመንገድ ሲታይ ቡና ቤት ነው፦ ባንኮኒ፣ ጥቂት ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የቢራ ፋብሪካ ቀን መቁጠሪያ። ከባንኮኒው ጎን ባለው ጠባብ መተላለፊያ ሲዘልቁ ጓሮ ይገኛል። በጓሮው ዙሪያ ከጭቃ የተሠሩ፣ በኖራ የተለቀለቁ፣ ቆርቆሮ የለበሱ ክፍሎች ትከሻ ለትከሻ ተደርድረዋል። በሮቹ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቀለም የተቀቡ ሳንቃዎች ናቸው፤ ቁጥራቸው በቡሩሽ ተጽፏል። መሀል ላይ አንድ የውሃ ቧንቧ፣ ጥግ ላይ አንድ የጋራ ሽንት ቤት። ውጭ በሩ ላይ ደግሞ በካርቶን ወይም በቆርቆሮ ላይ የተጻፈ «አልጋ አለ» የሚል ማስታወቂያ። ሁለቱን ቃላት ለመጻፍ ሰዓሊ አያስፈልግም፤ ማንበብ የማይችለውም እንግዳ ቢሆን ዘበኛው በቃል ይነግረዋል።

ክፍሉ ውስጥ የሽቦ አልጋ፣ የጥጥ ፍራሽ፣ ግራጫ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ፣ ከአልጋው ሥር ፖፖ ይኖራል። ኮርኒሱ አቡጀዲ ወይም የተተረተረ የማዳበሪያ ከረጢት ነው፤ ሌሊት አይጥ ስትሮጥበት ዱካዋ ከሥር ይታያል። ቁልፉ እንግዳው በኪሱ ይዞት እንዳይሄድ ከትልቅ የእንጨት ቁራጭ ጋር በገመድ ይታሰራል። ሂሳብ የሚከፈለው ከመተኛት በፊት ነው፤ ሌሊት ለሚወጣ ሰው ጠዋት ሂሳብ የሚባል ነገር የለም። ስለ ትኋኑ የሚያማርር ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ከሁለት ቀን የመኪና ጉዞ በኋላ የደረሰ ሰው ትኋን ቀስቅሶት አያውቅም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ዓይነቱ ቤት የተወለደው ዘግይቶ ነው። በአገራችን መንገደኛ ለሌሊት ማደሪያ ገንዘብ የሚከፍልበት ልማድ አልነበረም። የመሸበት ሰው ደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል፤ እህል ውሃ ይቀርብለታል፤ እግሩን ይታጠባል። አደባባይ ተቀምጦ፣ ለዚያውም ገዝቶ መብላት ነውር ነበር። ስለዚህም እቴጌ ጣይቱ በ1890ዎቹ መጨረሻ በአራዳ ሆቴል ሲያሠሩ የቸገረው ሕንፃው ሳይሆን ደንበኛው እንደነበር ይተረካል። መኳንንቱ ለምግብ ገንዘብ መክፈል አልዋጥ ስላላቸው፣ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው አስከትለዋቸው ሄደው በልተው ሂሳብ ከፈሉ የሚባለው ወግ ዛሬም በየመጽሔቱ ይመላለሳል። ወጉ ሲተላለፍ ቅመም ሳይጨመርበት አልቀረም፤ ሆቴሉ ግን በሁለት እግሩ ቆሞ ዛሬም አለ።

የጣይቱ ሆቴል የተሠራው ገበያው አጠገብ መሆኑን ልብ ይሏል። የዚያን ጊዜው የአዲስ አበባ ገበያ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በታች፣ አራዳ ላይ ነበር። ነጋድራሱ ቀረጥ የሚሰበስበው፣ አዋጅ የሚነገረው፣ የቅዳሜው ሕዝብ የሚጎርፈው እዚያ ነው። ገበያ ባለበት እንግዳ አለ፤ ሆቴሉም የሚከተለው እንግዳውን ነው። የመርካቶን ሆቴሎች ታሪክ ለመረዳት ከዚህ የበለጠ ቁልፍ አላገኘሁም፤ ገበያውም መናኸሪያውም በተንቀሳቀሱ ቁጥር አልጋው አብሮ ተንቀሳቅሷል።

ገበያው ከአራዳ የተነሳው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። ለአዲስ አበባ አዲስ ፕላን እንዲያወጡ የታዘዙት ኢግናዚዮ ጉዊዲና ቼዛሬ ቫሌ ነበሩ። ዝነኛው ለ ኮርቡዚዬም ለሙሶሊኒ የራሱን ንድፍ ልኮ ነበር፤ ሰሚ አላገኘም እንጂ። የፕላኑ መሠረት ዘር ነው፦ ነጮቹ በአንድ ወገን፣ «የአገሬው ሰው» በሌላ ወገን። በዚህ መሠረት የአራዳው ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፋና አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር፣ ቀጥ ባሉ መንገዶች በተከፋፈለ ሜዳ ላይ ተተከለ። ለነጮቹ መሀል ከተማ ላይ በዛሬው ራስ ሆቴል ቦታ ዘመናዊ ማረፊያ ሲሠራላቸው፣ መርካቶ ለተባለው የአበሻ ገበያ የታሰበለት መደብ ብቻ ነበር። መንገደኛው የት እንደሚያድር ያሰበ አልነበረም። ነጋዴው በረንዳ ላይ፣ ሸቀጡን ተንተርሶ ማደር ጀመረ። ጎጃም በረንዳን የመሰሉ ሰፈሮች ስማቸውን እስከ ዛሬ ይዘው ይኖራሉ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ፕላኑ ቀረ፤ ገበያው ግን ባለበት ጸና። የየመን አረቦች ሱቆች ነበሩበት፤ ከጉራጌ አገር የመጣው ወጣት ከሊስትሮነት ወደ ጉሊት፣ ከጉሊት ወደ ሱቅ እያደገ ቦታውን ያዘ። ያገኘውን በእቁብ እያጠራቀመ ቤት ሠራ። ይሁን እንጂ ሆቴሉን እውነተኛ ንግድ ያደረገው መንገድ ነው። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ ጣሊያን ትቷቸው የሄደ ጎዳናዎች ሲጠገኑና አዳዲሶቹ ሲዘረጉ፣ በበቅሎ ሳምንታት የሚፈጀው መንገድ በአውቶቡስ ቀናት ሆነ። አውቶቡሶቹም ገበያው አጠገብ ቆሙ። ከሲኒማ ራስ ጀምሮ እስከ ሰባተኛ ሰፈር ድረስ ያሉት መንገዶች በአልጋ ቤት የተሞሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙዎቹ በባለቤቱ አገር ስም ይጠሩ ነበር። ይህም ለጌጥ አይደለም። ከአንድ አውራጃ የመጣ ሰው የአገሩን ስም በሆቴል በር ላይ ሲያይ የሚያውቀው ቋንቋና የሚያምነው ሰው እንዳለ ይገባዋል። እዚያ ከገባ በኋላ ሆቴሉ ለእሱ ከማደሪያም በላይ ነው። ያልተሸጠ ከረጢቱን ዘበኛው ዘንድ አደራ ያስቀምጣል፤ ለቤተሰቡ የሚልከውን ደብዳቤና ብር በነገው ተሳፋሪ እጅ ይልካል፤ ደላላና አስታራቂ ሽማግሌ እዚያው ያገኛል። ባለቤቷ ሴት የሆነችባቸውም ጥቂት አልነበሩም። በዚያ ዘመን አንዲት ሴት ያለ ባልና ያለ ርስት ልትከብርበት የምትችለው ዋነኛ ንግድ ቡና ቤት ነበርና። በአንጻሩ ከባንኮኒው ኋላ የሚሠሩት ልጃገረዶች ኑሮ ምን ያህል መራራ እንደነበር ሰባተኛን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል፤ የእነዚህን ቤቶች ታሪክ ስናነሳ ይህን ክፍል ዘለን ማለፍ አይገባም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ወጣ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ተሰጡ። ባለቤቱ ራሱ ይሠራበት የነበረ ቤት በእጁ የቀረለት ቢኖርም፣ ትርፍ የተባለው ተወሰደ። በብዙ ጓሮዎች የመጣው ለውጥ እንዲህ ነው፦ ሆቴሉን የሚያስተዳድረው አንድ ሰው፣ የቤቱ ባለቤት ደግሞ ቀበሌ ሆነ። ጣሪያው ሲያፈስ ማን ይጠግነው? ተከራዩ «የኔ አይደለም» ይላል፤ ቀበሌው በዚያ ኪራይ ቆርቆሮ መግዛት አይችልም። የጭቃ ቤት ደግሞ በየዓመቱ ካልተመረገና ማገሩ ካልተቀየረ ክረምቱ ያነሳዋል። በእኔ እምነት የመርካቶ ሆቴሎች መፍረስ የጀመሩት ያኔ ነው፤ ኤክስካቫተሩ ሲደርስ ግማሹ ሥራ አልቆ ጠበቀው።

የደርግ ዘመን ለአልጋ ቤቱ ሌላም ፈተና ነበረው። ሰዓት እላፊ ሲታወጅ የቡና ቤቱ የማታ ገቢ ቆመ። በ1969 ዓ.ም. ቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግ ደግሞ መታወቂያ የሌለው ጸጉረ ልውጥ ተጠርጣሪ ነበር፤ ሆቴል ማለት ጸጉረ ልውጥ የሚሰበሰብበት ቤት ነው። የእንግዳ መዝገቡ ከዚያ ወዲያ የሂሳብ ደብተር መሆኑ ቀርቶ የምርመራ ሰነድ ሆነ። በሌላ በኩል ግን ይኸው ሰዓት እላፊ ለአልጋ ቤቶቹ ገበያ አመጣላቸው። ሌሊት መንቀሳቀስ ስለማይቻል ማለዳ የሚሳፈር ሁሉ ከዋዜማው ጀምሮ መናኸሪያው ሥር መተኛት ግዴታው ነበርና።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የመጣው ፈተና የተለየ ነው፤ መሬቱ ውድ ሆነ። በ1986 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ ወጥቶ ቦታ ዋጋ ሲቆረጥለት፣ ነጻው ንግድም ከዱባይና ከቻይና ሸቀጥ ሲያጎርፍ፣ አንድ ሰው ቁሞ የሚሸጥባት የመርካቶ ሱቅ ኪራይ የጓሮ ሙሉ አልጋን ገቢ አስናቀች። በዚህ ሒሳብ ፊት ሆቴል መቆም አይችልም። ጓሮዎቹ መጀመሪያ መጋዘን ሆኑ፤ አልጋው ወጥቶ ካርቶን ገባ። ቀጥሎ ቦታው ለመልሶ ማልማት ተፈለገ። ነጋዴዎቹ ከስፍራቸው እንዳይነቀሉ አክሲዮን ማኅበር እያቋቋሙ፣ ገንዘብ እያዋጡ በነበሩበት ቦታ ላይ ፎቅ መሥራት ያዙ። ዛሬ በመርካቶ ከሚታዩት የገበያ ሕንፃዎች ብዙዎቹ የተሠሩት በዚህ መንገድ ነው። ሱቅ የነበረው ነጋዴ በአክሲዮኑ ሱቅ አገኘ። አልጋ አንጣፊዋና ዘበኛው ግን አክሲዮን አልነበራቸውም። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ለሚነሳ ንብረት ካሳ ይከፈልበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 እንኳ ያሰላ የነበረው በቦታው ላይ ያረፈውን ንብረት ነው፤ የጭቃ ግድግዳና የዛገ ቆርቆሮ ተሰልቶ ስንት ይወጣው ነበር?

መንገደኛውም አብሮ ራቀ። የረጅም ርቀት ተሳፋሪ ወደ ላምበረት፣ ወደ ቃሊቲና ወደ አስኮ መናኸሪያዎች ተከፋፈለ፤ ቅንጡዎቹ አውቶቡሶች ደግሞ ከመስቀል አደባባይ መነሳት ጀመሩ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከምኒልክ አደባባይ ተነስቶ በጎጃም በረንዳ፣ በአውቶቡስ ተራና በሰባተኛ በኩል ወደ ቃሊቲ ሲዘረጋ የመንገዱን መልክ ቀየረው። ከዚያ ወዲህ አውቶቡስ ተራ ለመድረስ ዋዜማውን እዚያው ማደር የሚያስፈልገው ሰው ቁጥር እያነሰ መጣ።

አሁን ደግሞ አንድ ሆቴል እንዴት እንደሚፈርስ እንይ፤ ይህም ራሱን የቻለ ሙያ ነውና። የሚፈርስ ቤት ገና ሳይነካ ይሸጣል። ገዢው ጓሮውን ዞሮ ያያል፤ ቆርቆሮውን ይቆጥራል፣ ሳንቃውን በጣቱ ያንኳኳል፣ ምሰሶው በምስጥ ተበልቶ እንደሆነ በሚስማር ይወጋል። ከዚያ በጥቅል ዋጋ ይዋዋላል። ሠራተኞቹ የሚጀምሩት ከላይ ነው። ቆርቆሮው ሳይቀደድ እንዲወርድ ሚስማሩ አንድ በአንድ ይነቀላል፤ የተቀደደ ቆርቆሮ ዋጋው ግማሽ ነው። ቀጥሎ በርና መስኮቱ ከነመቃኑ ይወጣል፣ ከዚያ የጣሪያው እንጨት፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው፣ ቧንቧው፣ የሽቦ አልጋው። ሊሾ የሆነው ወለልና ጭቃው መጨረሻ ይቀራሉ፤ ገልባጭ መኪና ጭኖ የሚወስደው እነርሱን ብቻ ነው። ከብሎኬትና ከኮንክሪት የተሠራ ከሆነ ደግሞ መዶሻ የያዙ ጎረምሶች ምሰሶውን እየሰበሩ ፌሮውን ያወጣሉ፤ የተጣመመውን ብረት ድንጋይ ላይ እየቀጠቀጡ ያቀኑታል።

ይህ ሁሉ የሚገባው ምናለሽ ተራ ነው። መርካቶ ውስጥ ከዚህ ተራ የበለጠ ድምፅ ያለው ስፍራ የለም፦ ከጠዋት እስከ ማታ መዶሻ ነው። ቁራሌው ከየሰፈሩ የለቀመው ጣሳ፣ ያረጀ በርሜል፣ የወላለቀ ብረት እዚህ ይራገፋል። በርሜሉ ተቆርጦ የከሰል ምድጃ ይሆናል፤ ያለቀ ጎማ በረባሶ ጫማ ይወጣዋል፤ ቆርቆሮው በእንጨት መዶሻ ተስተካክሎ ለአጥር ይሸጣል። ከፈረሰ ቤት የመጣ ዕቃ ለብቻው ይደረደራል። በአንድ ወቅት እዚያ ያየሁት በር ትዝ ይለኛል። አረንጓዴ ነው፤ መሀሉ ላይ በነጭ ቀለም 7 ቁጥር፣ ከቁጥሩ በታች በእስክሪብቶ የተጫሩ የብዙ ሰው ስሞችና የጉዞ ቀኖች። የቁልፉ ቀዳዳ ዙሪያ በእጅ ብዛት ተልጦ እንጨቱ ወጥቷል። ሻጩ ስለ ስሞቹ ደንታም አልነበረው። «ዋንዛ ነው፣ ምስጥ አይበላውም» አለኝ፤ የጠየቀው ዋጋም የዋንዛ ዋጋ ነበር። እንዲህ ያለ በር የሚገዛው በከተማው ዳር የጭቃ ቤት የሚሠራ ሰው ነው። ስለዚህ የፈረሰው ሆቴል በአንድ ጊዜ በመቶ ቤት ውስጥ ይኖራል፤ ጣሪያው አንዱ ዘንድ፣ መስኮቱ ሌላው ዘንድ።

ጣይቱ ሆቴልን ከነዚህ የመርካቶ ቤቶች ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ጉዳት ሲደርስበት ዜናው በአገር ውስጥም በውጭም ተሰማ፤ ጃዝ የሚደመጥበት ጃዛምባ አብሮ ሲቃጠል ያዘነው ብዙ ነው። ቅርስ ሆኖ የሚታወቅ ቤት ስለሆነም ተጠግኖ ሥራውን ቀጠለ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱም ቢያንስ ፎቶግራፍ አንሺና ታሪክ ጸሐፊ ደርሶላቸዋል። የመርካቶ አልጋ ቤቶች ግን ንግሥት አላሠራቻቸውም፤ ነዳፊ መሐንዲስም የላቸው። ጣይቱ ሆቴል ያስተናገደው መኳንንትን፣ ጋዜጠኛና ዲፕሎማትን ነው። ገበሬውን፣ ወታደሩን፣ ለፈተና የመጣውን ተማሪ፣ ለሕክምና የመጣችውን እናት ያሳደረው የመርካቶ ጓሮ ነው። አዲስ አበባን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ስንቱ ኢትዮጵያዊ የመጀመሪያ ሌሊቱን ያሳለፈው በነዚያ የሽቦ አልጋዎች ላይ ነው። በከተማዋ የሕንፃ ታሪክ ውስጥ ግን አንድ አንቀጽ እንኳ አልደረሳቸውም፤ ይህ አድልዎ ይመስለኛል።

ይህን ስል መቆየት ነበረባቸው ማለቴ አይደለም። አንድ መውጫ ብቻ ያለው፣ በእንጨትና በአቡጀዲ የተሞላ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው የተጠላለፈ ጓሮ ለእሳት የተዘጋጀ ማገዶ ነው። ጥቅምት 2017 ዓ.ም. የመርካቶው ሸማ ተራ ሲቃጠል የእሳት አደጋ መኪኖች በመንገዱ ጥበት ምን ያህል እንደተቸገሩ ታይቷል። ያንን እሳት በሰው የተሞላ አልጋ ቤት ላይ ማሰብ ያስፈራል። የቆጨኝ መፍረሳቸው ሳይሆን ከመፍረሳቸው በፊት ለክቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ የእንግዳ መዝገባቸውን ሰብስቦ ያስቀመጠ አለመኖሩ ነው። የእነዚያ መዝገቦች ዋጋ ቀላል አልነበረም፦ ስም፣ የመጡበት አገር፣ የሚሄዱበት አገር፣ ሥራ፣ ቀን። የአገሪቱ ሕዝብ በእነዚያ አሥርት ዓመታት ውስጥ ከየት ወዴት እንደተንቀሳቀሰ ከዚህ የተሻለ የሚናገር ምን ሰነድ አለ? አብዛኛው ግን የኦቾሎኒና የስኳር መጠቅለያ ሆኖ አለቀ።

አልጋው ራሱ ከመርካቶ ጨርሶ አልጠፋም። በአዲሶቹ ፎቆች ላይ ሱቅ የሚፈልገው ነጋዴ ምድርና አንደኛ ፎቅን ይሻማል፤ ደንበኛ ደረጃ አይወጣምና። ስለዚህ ላይኛዎቹ ፎቆች ርካሽ ናቸው፤ በብዙዎቹም ላይ ፔንሲዮን ተከፍቶባቸዋል። ክፍሉ ሴራሚክ የለበሰ ነው፣ ሻወር አለው፣ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል፤ የሽቦ አልጋው ቀርቶ ቺፑድ ገብቷል፤ ሂሳብ አሁንም ቀድሞ ይከፈላል። ከገጠር ሸቀጥ ሊጭን የመጣው ነጋዴ እንደ አባቱ ስለ ዘበኛውና ስለ አደራ ዕቃው መጠየቁን አልተወም። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ስድስተኛ ፎቅ መሆኑ ሲነገረው «ሊፍቱ ይሠራል?» ይላል።